ከማይበላ ፍሬ ዘይት አውጥቶ ባዮዲዝል መስራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ባዮዲዝል፣ ማለትም ከዘይት ስለሚሰራው የናፍጣ ምትክ፣ የሚጠይቀኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከማብሰያ በርሜሉ ነው። ስንት ሊትር ይያዝ፣ ምን ያህል ይሙቅ፣ በምን ይማሰል። እኔ ግን ሁሌ ወደ ፍሬው እመልሰዋለሁ። ፍሬው እርጥብ ሆኖ ከከረመ ወይም ሻግቶ ከተፈረካከሰ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ስራ በሙሉ ያንን ማስተካከል ነው የሚሆነው። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ደጋግመው የሚመጡት ናቸው።

የማይበላ ፍሬ የሚባለው የትኛው ነው?

ዘይት ያለው፣ ግን በመርዙ ወይም በምሬቱ ምክንያት ሰው የማይበላው ፍሬ ሁሉ። በብዛት የሚነሱት ጃትሮፋ፣ ጉሎ፣ ኒም፣ ፖንጋሚያ እና የጎማ ዛፍ ፍሬ ናቸው። ብሳና የሚመደብበት የክሮተን ወገንም አለ። እነዚህ የሚፈለጉበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ማዕድ ላይ ሊቀርብ የሚችል ዘይት ወደ ሞተር እንዳይሄድ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ፍሬው አይበላም ማለት መሬቱና ውሃው ለምግብ አይሆኑም ማለት አይደለም። ጥሩ የእርሻ መሬት ላይ ጃትሮፋ ከተከላችሁ ከምግብ ጋር መሻማታችሁ አልቀረም። ለእኔ የሚዋጥልኝ አጥር ላይ፣ የእርሻ ዳር ላይ፣ የተሸረሸረ ገደል ላይ ያለውን መጠቀም፣ ወይም ደግሞ አሁንም መሬት ላይ ወድቆ የሚበሰብሰውን መልቀም ነው።

ጃትሮፋ ውሃ ሳይፈልግ በደረቅ መሬት ብዙ ዘይት ይሰጣል ይባላል። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ድርቅን ይቋቋማል፣ ከብት አይበላውም፣ ከቅርንጫፍ ተቆርጦ ሲተከል ይይዛል። በሕይወት መቆየትና ፍሬ መስጠት ግን ለየቅል ናቸው። በደረቅና በተጎዳ መሬት ላይ ዛፉ አይሞትም፣ ፍሬው ግን እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም።

ይህንን ዓለም በውድ ነው የተማረው። ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ በእስያና በአፍሪካ ብዙ መሬት በጃትሮፋ ተሸፈነ። ሕንድ በ2003 ሰፊ የተከላ ዕቅድ አወጣች። የእንግሊዙ ነዳጅ ኩባንያ ቢፒ ጃትሮፋ ከሚያስተክለው ዲዋን ኦይልስ (D1 Oils) ጋር በ2007 ሽርክና ገብቶ በ2009 ወጣ። በታኅሣሥ 2008 ማብቂያ ላይ ኤር ኒውዚላንድ ግማሹ ከጃትሮፋ ዘይት የተሰራ ነዳጅ በአንድ ሞተር ሞልቶ ቦይንግ 747 አብርሯል። (ያ ነዳጅ ባዮዲዝል አልነበረም፣ ዘይቱ በሃይድሮጂን ታክሞ የተሰራ የአውሮፕላን ነዳጅ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል።) ስሙ እንዲህ ገነነ፣ ምርቱ ግን የተወራውን ያህል አልሆነም። አንደኛ ተክሉ እንደ ስንዴ ወይም እንደ በቆሎ ተመርጦና ተዳቅሎ የለማ አይደለም፣ አንዱ ዛፍ ብዙ ሲሰጥ አጠገቡ ያለው ምንም አይሰጥም። ሁለተኛ አንድ ዘለላ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና የጠቆረ ፍሬ አብረው ይገኛሉ፣ ስለዚህ እየተመላለሱ በእጅ መልቀም ግድ ነው። የጉልበቱ ዋጋ ነው ብዙዎቹን የጣላቸው። ስለዚህ ሄክታር ቆጥሮ ትርፍ የሚያሰላላችሁ ሰው ከመጣ መጀመሪያ ማን እንደሚለቅመው ጠይቁት።

ከአንድ ኩንታል ፍሬ ስንት ሊትር ዘይት ይወጣል?

እናስላው። የጃትሮፋ ፍሬ ከነቅርፊቱ በአማካይ ወደ 35 በመቶ ዘይት አለው። ከ100 ኪሎ ውስጥ 35 ኪሎ ዘይት አለ ማለት ነው። በሞተር የሚዞር ጥሩ መጭመቂያ ከዚህ ውስጥ ሦስት አራተኛውን ያህል ያወጣል፣ ወደ 26 ኪሎ። የዘይት አንድ ሊትር ወደ 0.92 ኪሎ ስለሚመዝን 28 ሊትር ገደማ ይሆናል። በአጭሩ ለአንድ ሊትር አራት ኪሎ ፍሬ ያዙ። በእጅ መጭመቂያ ከሆነ ከዘይቱ 60 በመቶውን ብታገኙ ጥሩ ነው። ጉሎ የበለጠ ዘይት አለው፣ ከ40 እስከ 55 በመቶ፣ ግን የራሱ ጣጣ አለው፤ እመለስበታለሁ።

ፍሬውን ከመጭመቄ በፊት ምን ላድርግ?

ይሄ ነው ዋናው ጥያቄ፣ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይጠይቀውም።

ፍሬው ውስጥ ዘይትን የሚሰባብር ኢንዛይም አለ። ፍሬው ደርቆና ሳይሰበር እስካለ ድረስ ያ ኢንዛይም ብዙም አይሰራም። እርጥበት ሲያገኝ ወይም ፍሬው ሲሰነጠቅ ግን ዘይቱን ወደ ነፃ የሰባ አሲድ ይለውጠዋል። ሻጋታም ሲገባ ያንኑ ያፋጥናል። ይህ አሲድ ነው በኋላ ባዮዲዝሉን ሳሙና የሚያደርግባችሁ።

ስለዚህ የበሰለ ፍሬ ብቻ ልቀሙ፣ ቶሎ ፈልፍሉ፣ ስስ አድርጋችሁ አስጡ፣ ውስጡ የጠቆረውንና የሻገተውን ለዩ። ለመጭመቅ እርጥበቱ ከ6 እስከ 8 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። መለኪያ ከሌላችሁ ጥቂት ፍሬ መዝናችሁ 105 ዲግሪ ላይ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቁና መልሳችሁ መዝኑ፣ የጠፋው ውሃው ነው። በጣም ከደረቀም ጥሩ አይደለም፣ ማሽኑ ውስጥ ይፈጭና ዘይቱ በዱቄት ይሞላል። የደረቀውን አየር በሚያስገባ ጆንያ አድርጋችሁ ከመሬት ከፍ ባለ ቦታ አስቀምጡ። ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አትቋጥሩት፣ ያልበዋል።

ከመጭመቅ በፊት ለብ ማድረግ ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ በቀላሉም ይወርዳል። ማሳረር ግን አያስፈልግም።

በመጭመቂያ ይሻላል ወይስ በሄክሴን?

ሄክሴን ዘይት የሚያሟሟ ኬሚካል ነው፤ ፋጉሎው ውስጥ አንድ በመቶ እንኳን ዘይት ሳያስቀር ጠርጎ ያወጣል። ግን 69 ዲግሪ ላይ የሚፈላ፣ ትነቱ መሬት ለመሬት ሄዶ ርቆ ካለ እሳት ጋር የሚገናኝ፣ ነርቭን የሚጎዳ ፈሳሽ ነው። ትልቅ ፋብሪካ ትነቱን መልሶ የሚይዝበት መሣሪያ ስላለው ያዋጣዋል። ለአነስተኛ ስራ ግን አይመከርም፣ እኔ በፍጹም አልመክርም። ጠመዝማዛ መጭመቂያ ይበቃል። ፋጉሎው ውስጥ የሚቀረው ዘይት አይጠፋም፣ ፋጉሎውን ለማገዶ ከተጠቀማችሁበት አብሮ ይነዳል።

የወጣውን ዘይት ወዲያው አትጠቀሙበት። ለጥቂት ቀናት አስቀምጡት፣ አተላው ይዘቅጣል። ከዚያ በጨርቅ ወይም በማጣሪያ አጥሩት። ሙጫው ብዙ ከሆነ ዘይቱን አሙቁና 2 በመቶ ያህል ሙቅ ውሃ ጨምራችሁ ቀስ ብላችሁ አማስሉት፣ ሙጫው ውሃ ጠጥቶ ይወርዳል። በመጨረሻ ከ100 ዲግሪ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ውሃውን አትንኑት። መጥበሻ ላይ ጠብ ስታደርጉት መንጣጣት ካቆመ ደርቋል ማለት ነው።

ዘይቱን እንዳለ ናፍጣ ቦታ ብጨምረው ምን ይሆናል?

ሞተሩ ይነሳል። ችግሩ በኋላ ነው። በ1900 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ውስጥ በተካሄደው የዓለም ትርኢት ላይ አንድ ትንሽ የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት ሰርቷል፣ ሩዶልፍ ዲዝል ራሱ ስለዚህ ጽፏል። ያ ሞተር ግን የዛሬው ዓይነት ረቂቅ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጭ አፍንጫ) የለውም።

የአብዛኛው የዕፅዋት ዘይት ውፍረት በ40 ዲግሪ ሙቀት ከ30 እስከ 40 ሴንቲስቶክ (የፈሳሽ ውፍረት መለኪያ) ነው፣ ናፍጣ ከ2 እስከ 4.5። የወፈረ ዘይት በደንብ አይረጭም፣ በደንብ ያልተረጨ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አይነድም። ኢንጀክተሩ አፍ ላይ ከሰል ይጋገራል፣ የፒስተን ፋሻዎቹ ይጣበቃሉ፣ ያልነደደው ዘይት ወደ ሞተር ዘይቱ ወርዶ ያወፍረዋል። ዘይቱን ወደ ባዮዲዝል የምንቀይረው ለዚህ ነው።

የዘይቴን አሲድ በምን አውቃለሁ?

በታይትሬሽን። ስሙ ያስፈራል እንጂ ቀላል ነው።

አንድ ግራም ንጹሕ ኮስቲክ ሶዳ በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ አሟሙ። በሌላ ብርጭቆ 10 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮል ቅዱና ጥቂት ጠብታ ፌኖልፍታሊን (ሶዳ ሲበዛ ሮዝ የሚሆን መለያ) ጨምሩ። መጀመሪያ አልኮሉ ብቻውን ፈዘዝ ያለ ሮዝ እስኪሆን የሶዳውን ውሃ ጠብ ጠብ አድርጉ፣ ይሄ የአልኮሉን የራሱን አሲድ ያጠፋል፤ አይቆጠርም። አሁን በትክክል 1 ሚሊ ሊትር ዘይት ጨምሩ። ሮዙ ይጠፋል። በሲሪንጅ እየለካችሁ የሶዳውን ውሃ ጨምሩ፣ እያንዳንዱ ጠብታ ሲነካ ሮዝ ይታይና ሲነቀነቅ ይጠፋል። ለግማሽ ደቂቃ ያህል ሳይጠፋ ሲቆይ አቁሙ። ስንት ሚሊ ሊትር ሄደ? ቁጥሩን በግምት በ0.75 ብታባዙት የነፃ አሲዱን መቶኛ ታገኛላችሁ። 4 ሚሊ ሊትር ከሆነ 3 በመቶ ገደማ ነው።

ሦስት ጊዜ ደግማችሁ አማካዩን ውሰዱ። አንድ ሚሊ ሊትር ዘይት በጣም ትንሽ ስለሆነ ትንሽ ስህተት እንኳን ቁጥሩን ያዛባዋል።

ከፍ ብሎ ከወጣስ?

ከ2 በመቶ በታች ከሆነ በቀጥታ መስራት ይቻላል። ከዚያ በላይ ከሆነ መጀመሪያ አሲዱን መቀነስ አለባችሁ። በደንብ ያልተያዘ የጃትሮፋ ዘይት 14 በመቶ ሲደርስ ታይቷል፣ የጎማ ዛፍ ፍሬ ዘይትም እንዲሁ ከፍተኛ ነው። እንዲህ ያለውን በኮስቲክ ሶዳ ብቻ ለመስራት መሞከር ሳሙና መቀቀል ነው።

መፍትሔው ሁለት እርምጃ ነው። በመጀመሪያው ዘይቱን ከሜታኖል (መርዛማ የአልኮል ዓይነት) እና ከዘይቱ ክብደት 1 በመቶ ከሚሆን ሰልፈሪክ አሲድ ጋር በ60 ዲግሪ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ማማሰል ነው። ነፃው አሲድ ራሱ ወደ ባዮዲዝል ይለወጣል፣ ውሃም ይወጣዋል። ሲያርፍ ውሃና ሜታኖል የያዘው ክፍል ከላይ ይሆናል፣ እሱን ቀድታችሁ አውጡ። ከዚያ እንደገና ለኩ። ካልወረደ ድገሙት። አሲዱ ከ2 በመቶ በታች ሲሆን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ መደበኛው እርምጃ ትሄዳላችሁ።

ጊዜና ሜታኖል ይበላል። ቀደም ሲል ስለ ማድረቅ ያን ያህል ያወራሁት ይሄንን እርምጃ መዝለል ስለሚቻል ነው።

መደበኛው እርምጃ እንዴት ነው?

ለአንድ ሊትር ዘይት 200 ሚሊ ሊትር ሜታኖል እና 3.5 ግራም ኮስቲክ ሶዳ፣ በተጨማሪም ታይትሬሽኑ ላይ ያገኛችሁትን ሚሊ ሊትር ያህል ግራም ሶዳ። 1.5 ካገኛችሁ በጠቅላላው 5 ግራም ማለት ነው።

ሶዳውን ሜታኖሉ ውስጥ አሟሙ እንጂ ዘይቱ ውስጥ አትጨምሩት። ሲሟሟ ይሞቃል። አልሙኒየም ዕቃ በፍጹም አትጠቀሙ፣ ሶዳው ይበላዋል፣ ሃይድሮጂንም ይወጣል። ዘይቱን ወደ 55 ወይም 60 ዲግሪ አሙቁ። ሜታኖል የሚፈላው 64.7 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ከዚያ አትለፉ። ድብልቁን ጨምራችሁ ክዳኑ በተዘጋ ዕቃ ለአንድ ሰዓት አማስሉ። ከዚያ አሳድሩት። ጠዋት ላይ ከታች ጠቆር ያለ ወፍራም ግሊሰሪን፣ ከላይ ወርቃማ ቀጭን ፈሳሽ ታያላችሁ። የላይኛው ባዮዲዝል ነው።

ከ100 ኪሎ ዘይት 100 ኪሎ ያህል ባዮዲዝልና 10 ኪሎ ያህል ግሊሰሪን ይጠበቃል። በስሌት የሚበቃው ሜታኖል 11 ኪሎ አካባቢ ነው፣ እኛ ግን የዚያን አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ እንጨምራለን፤ ሂደቱ ወደ ፊት እንዲገፋ። ትርፉ ሜታኖል ግሊሰሪኑና ባዮዲዝሉ ውስጥ ይቀራል፣ አቅሙ ያለው አጣርቶ መልሶ ይጠቀምበታል።

ሜታኖል መርዝ ከሆነ በኢታኖል (በመጠጥ አልኮል) ብሰራውስ?

ይቻላል። እንዲያውም በ1937 (እ.ኤ.አ.) ብራስልስ ውስጥ ሻቫን የተባለ ተመራማሪ ያስመዘገበው የፈጠራ መብት ከፓልም ዘይትና ከኢታኖል ለሚሰራ ነዳጅ ነበር። ችግሩ ውሃ ነው። በተራ ማጣሪያ (አትንኖ መልሶ በማቀዝቀዝ) የሚገኘው ኢታኖል ቢያንስ 4 በመቶ ውሃ ይቀረዋል፣ ለዚህ ስራ ግን ከ99 በመቶ በላይ ንጹሕ መሆን አለበት። ግሊሰሪኑም በቀላሉ አይለይም። ለጀማሪ ሜታኖል ይሻላል፣ ከጥንቃቄ ጋር።

ቤት ውስጥ መስራት እችላለሁ?

ቤት ውስጥ፣ አይሆንም። ውጭ ወይም ሁለት ወገን ክፍት በሆነ መጠለያ ስሩ።

ሜታኖል በትንፋሽም በቆዳም ይገባል፣ ትንሽ እንኳን ከተጠጣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል፣ ሲነድ ላታዩት ትችላላችሁ። ስለዚህ ማሞቂያችሁ ክፍት እሳት አይሁን። የዓይን መከላከያ፣ ኬሚካል የማያሳልፍ ጓንት፣ ረጅም እጅጌ። ሶዳ የተሟሟበት ሜታኖል ከነካችሁ ቆዳው ወዲያው ላያማችሁ ይችላል፣ እስኪያም አትጠብቁ፣ በብዙ ውሃ እጠቡ። ሕፃናት ከአካባቢው ይራቁ። የመጠጥ ጠርሙስ ውስጥ ሜታኖል ወይም ግሊሰሪን በጭራሽ አታስቀምጡ።

ጥሬው ፍሬም ራሱ መርዝ ነው። የጃትሮፋ ፍሬ ጣዕሙ ስለማያስጠላ ልጆች በልተውት በትውከትና በተቅማጥ የሚታመሙበት ጊዜ ብዙ ነው።

አልለይ አለኝ፣ ሁሉም እንደ ጄሊ ረጋ። ምን ሆነ?

ከሦስቱ አንዱ ነው፦ አሲዱ ከፍተኛ ነበር፣ ዘይቱ ውሃ ነበረው፣ ወይም ሶዳ አበዛችሁ። መድኃኒቱ ከመጀመሪያው መለካት ነው። አሁን ያለውን ለማዳን ለብ አድርጋችሁ ትንሽ ግሊሰሪን ጨምሩና ቀስ ብላችሁ አማስሉት፣ አንዳንዴ ሳሙናውን ይዞት ይወርዳል።

ማጠብ ግዴታ ነው?

አዎ። ሳሙና፣ ሶዳና ሜታኖል ቀርተውበታል፤ ሞተር ውስጥ መግባት የለባቸውም። መጀመሪያ ለብ ያለ ውሃ ከላይ እንደ ካፊያ እርጩና ራሱ ይውረድ፣ አትነቅንቁት። ከታች የሚጠራቀመው ውሃ ወተት ይመስላል። አፍስሱትና ድገሙ። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ቀጥሉ፣ ከዚያ ባዮዲዝሉን አሙቃችሁ አድርቁት። በብርጭቆ ሲታይ በስተጀርባው ያለ ጽሑፍ ጥርት ብሎ መነበብ አለበት። ደመና መስሎ ከታየ ገና ውሃ አለው።

መብሰሉን በምን አረጋግጣለሁ?

ቀላል ሙከራ አለ። 3 ሚሊ ሊትር ባዮዲዝል በ27 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ውስጥ፣ በክፍል ሙቀት፣ ነቅንቃችሁ አስቀምጡ። በደንብ የተሰራ ባዮዲዝል ሙሉ በሙሉ ይሟሟል። ያልተለወጠ ዘይት ካለ ከስር ጠብታ ሆኖ ይቀመጣል። ጠብታ ካያችሁ ሂደቱን በትንሽ ሜታኖልና ሶዳ ድገሙት።

ለሽያጭ ከሆነ ግን ይሄ አይበቃም፣ ቤተ ሙከራ ያስፈልጋል። የአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 14214 ቢያንስ 96.5 በመቶ ኤስተር (ማለትም ባዮዲዝሉ ራሱ)፣ በኪሎ ቢበዛ 500 ሚሊ ግራም ውሃ፣ ቢበዛ 0.2 በመቶ ሜታኖል ይላል።

ጉሎስ? ዘይቱ ብዙ አይደል?

ብዙ ነው፣ ግን የተለየ ዘይት ነው። ከ85 እስከ 90 በመቶው ሪሲኖሌይክ የተባለ የሰባ አሲድ ነው፣ እሱም ዘይቱን በጣም ያወፍረዋል። ባዮዲዝል ከሆነ በኋላ እንኳን ውፍረቱ ከ13 ሴንቲስቶክ በላይ ነው፣ የአውሮፓው ደረጃ የሚፈቅደው ደግሞ ቢበዛ 5። ስለዚህ ብቻውን አይሆንም፣ በትንሽ መጠን ከናፍጣ ጋር ይደባለቃል። አልኮል ውስጥ ስለሚሟሟም ግሊሰሪኑን መለየት ያስቸግራል፣ ከላይ ያልኩት የ3 በ27 ሙከራም ለጉሎ አይሰራም፤ ጥሬ ዘይቱ ራሱ ሜታኖል ውስጥ ስለሚሟሟ ያታልላችኋል። የእኔ ሐሳብ፦ የጉሎ ዘይት ለቅባት፣ ለሳሙናና ለመዋቢያ ይፈለጋል፣ እዚያ ይሽጡት። ለነዳጅ ሌላውን ይጠቀሙ።

ፋጉሎውን ለከብት መስጠት ይቻላል?

አይቻልም። የጃትሮፋ ፋጉሎ ውስጥ ያለው ፎርቦል ኤስተር የተባለ መርዝ በማሞቅ የሚጠፋ አይደለም። የጉሎ ፋጉሎ ውስጥ ሪሲን የተባለ መርዝ አለ፤ ዘይቱ ውስጥ አይገባም፣ ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። እርጥብ ሙቀት ሪሲንን ቢያጠፋውም አለርጂ የሚያስነሳው ፕሮቲን ይተርፋል፣ ስለዚህ አቧራውን እንኳን አትተንፍሱት። ማሳ ላይ ግን ግሩም ነው። የጃትሮፋ ፋጉሎ በናይትሮጂን ከከብት ፍግ ይበልጣል። የኒም ፋጉሎ ተጨማሪ ጥቅም አለው፣ አፈር ውስጥ ያሉ አንዳንድ ተባዮችን ያባርራል። ባዮጋዝ ማብላያ ውስጥ ማስገባትም ይቻላል፤ ከዚያ የሚወጣው ዝቃጭ ደግሞ ማዳበሪያ ነው።

ግሊሰሪኑንስ የት ልድፋው?

ወንዝ ውስጥ እንዳትደፉት። ሜታኖልና ሶዳ አለው። ሜታኖሉ በተዘጋ ማጣሪያ ከወጣለት በኋላ ሳሙና ይሰራበታል፣ ወይም በጥቂቱ ብስባሽ ላይ ይጨመራል።

ሞተሬን አይጎዳም? ጭሱስ?

በደንብ የተሰራ ባዮዲዝል ከናፍጣ ይልቅ ፖምፓውን ያለሰልሳል። ጥቀርሻውም ይቀንሳል፣ ድኝም የለውም ማለት ይቻላል፤ የናይትሮጂን ኦክሳይድ ግን ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ጉልበቱ በሊትር ሲታይ ከናፍጣ 8 በመቶ ገደማ ያንሳል።

ልታውቁት የሚገባው ጠባዩ ማሟሟቱ ነው። ለዓመታት ታንከሩ ውስጥ የተጋገረውን ቆሻሻ ያስለቅቀዋል፣ ያ ሁሉ ፊልትሮ ላይ ይጠራቀማል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ፊልትሮ ቶሎ ቀይሩ፣ ትርፍም ያዙ። በአሮጌ መኪና ላይ የተፈጥሮ ጎማ ቱቦዎችን ያላላቸዋል። በብርድ ይረጋል። ለአብዛኛው ሞተር 20 በመቶ ባዮዲዝል ከ80 በመቶ ናፍጣ ጋር፣ ማለትም ቢ20፣ ጥሩ መነሻ ነው። የሞተራችሁን መመሪያ ግን አንብቡ፣ አዳዲሶቹ አንዳንዶቹ ከ7 በመቶ በላይ አይፈቅዱም።

ስንት ጊዜ ይቆያል?

ከስድስት ወር በላይ አታቆዩት። አየር፣ ብርሃን፣ ሙቀትና ውሃ ያበላሹታል፣ ይጎመዝዛል፣ ሙጫ ያወጣል። ጀሪካኑን እስከ አፉ ሙሉ፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ፣ የመዳብ፣ የነሐስና የዚንክ ዕቃ አትጠቀሙ፣ መበላሸቱን ያፋጥኑታል። ፍሬው ግን በደንብ ከደረቀ ከባዮዲዝሉ የተሻለ ይቆያል፤ ስለዚህ ፍሬውን አከማችታችሁ የሚያስፈልጋችሁን ያህል ብቻ እየጨመቃችሁ ብትሰሩ ይሻላል።